ደወሉ ከጮኸ በኋላ ሰባት ፊደል

ሰኞ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 11፡40

ዛሬም ሞትኩ። አሥራ አራት ጊዜ። ሁለቴ ስሸሽ፣ አንዴ ደግሞ ገና ሻርፔን ሳስተካክል።

ክቡር ማስታወሻ፣ ገዳዬን ላስተዋውቅህ። ነጭ ጢም ያለው፣ የሰይፉ እጀታ ላይ ትንሽ ደወል ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። አድራሻው፦ የወንድሜ የማቴዎስ ፕሌስቴሽን ቤት፣ ከበሩ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ውስጥ። የጌሙ ጽሑፍ የጃፓን ይሁን የቻይና ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሚለይ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ስሙን አናውቅም። እኔ «ገምጋሚው» ብዬዋለሁ። ቆሞ ያይሃል። ያይሃል። ያይሃል። ከዚያ ድክመትህን ያገኛል።

የኮሌጅ ልጆች እሱ ጋ ሲደርሱ ዲስኩን አውጥተው የኳስ ጌም ይከታሉ። አልፎት የሄደ የለም። እኔ፣ ወ/ሮ አስካለ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ታይፒስት፣ የቸርች ዘማሪት፣ እዚያ ምን እንደምሠራ ነገ እጽፍልሃለሁ። ለራት የጣድኩት ቦዬ ሊያርብኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8። ቢሮ፣ ጠዋት 4፡00

ሥራ የለም። ታይፕራይተሬ ልብሷን ለብሳ ቁጭ ብላለች። እኔም እንደዚያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲሱ መዋቅር «ታይፒስት» የሚባል መደብ የለም። ይህን የሰማሁት ከማንም አይደለም፤ ራሴው ነኝ የተየብኩት። ባለፈው ወር የሂ.ባ. አምስት ገጽ ረቂቅ ሰጡኝ። (የሂደት ባለቤት ማለት ነው። ድሮ «ኃላፊ» ነበሩ። ወንበሩ ያው፣ ሰውዬው ያው፣ ማዕረጉ ረዘመ።) ሦስተኛው ገጽ፣ ተራ ቁጥር 11 ላይ ራሴን አገኘሁት። «ይታጠፋል» ይላል። ታጠፍኩ። በአምስት ካርቦን። ይመዝገብልኝ፦ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

አማራጭ ተሰጥቶኛል። ወይ ታኅሣሥ 5 የኮምፒዩተር ጽሕፈት ፈተና ተፈትኜ «ሴክሬታሪ» መሆን፣ ወይ እስከዚያው ቀን ቅጽ ፈርሜ ቤሌ ከተማ፣ መዝገብ ቤት መግባት። ቤሌ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ መዝገብ ቤቱ ውስጥ እንደ መዝገብ መቀመጤ ነው።

የሂ.ባ. ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። በርኅራኄ ነው የነገሩኝ። ከአርባ ያለፈ ጣት አዲስ ነገር አይለምድም፤ በፈተና ወድቀው ከሚያፍሩ በክብር ይፈርሙ አሉ። ቅጹን ከመዝሙር ደብተሬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ አልዘመርኩም።

በዚያው ዕለት ማቴዎስ ጋ ስገባ ልጆቹ በገምጋሚው ተቆራርጠው ይጮኻሉ። ዕድሜያቸው ሃያ። ጣታቸው ትኩስ። ሁሉም ሙት። ያኔ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ (ሰብሳቢ እኔ፣ አባል እኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ) እና በሙሉ ድምፅ ወሰንኩ። እስከ ታኅሣሥ 5 ገምጋሚውን ከጣልኩት ጣቴ ይለምዳል ማለት ነው፤ እፈተናለሁ። ካልጣልኩት እፈርማለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10። 12 ሰዓት ተኩል

ያወቅሁት። ጆይስቲኩ ላይ አራት ቁልፍ አለ። ካሬው ይመክታል፣ ክቡ ወደ ጎን ያዘልላል፣ ሦስት ማዕዘኑ ይቆርጣል፣ ኤክሱ ምን እንደሚሠራ ተጣርቶ አልተደረሰበትም። ካሬውን ይዞ መቆም ሞት ነው። ቀድሞ መጫን ሞት። ዘግይቶ መጫንም እንዲሁ። የእሱ ሰይፍ ያንተን ሊነካ ሲል፣ እዚያችው ላይ ከተጫንክ ብልጭታ ይወጣል፣ እሱ ይንገዳገዳል። አራቴ ብልጭ ያደረጉበት ጥቂቶች አሉ። ያኔ ደወሉን ያናውጣል ይላሉ። ከደወሉ ወዲያ ስላለው ነገር የተረፈ ምስክር የለም።

ማቴ. ዛሬ ተቆጣኝ። «ኧረ እትዬ ቀስ! ምን በደለሽ?» አለ፤ ለጆይስቲኩ አዝኖ። እውነቱን ነው። አምስት ካርቦን እንዲዘልቅ አድርጌ ነው የምመታው። አምስተኛው ቅጂ ካልተነበበ ደብዳቤ አይባልም ተብዬ ነው ያደግሁት። ካሬው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በሹካ አወጣነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

የግለ ሂስ መድረክ። ተሳታፊ፦ አንድ።

ጥንካሬ፦ ሰዓት አክባሪነት። ከሥራ እንደወጣሁ ለመሞት እገኛለሁ።
ድክመት፦ ምት። እንደ ታይፕ ነው የምመክተው። ታክ፣ ታክ፣ ታክ፣ እኩል በእኩል። የታይፕ መምህራችን ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየመታች ያስያዘችን ምት። ስኮራበት ኖርኩ። ገምጋሚው በሦስተኛው ታክ ላይ ያውቀኛል፤ በአራተኛው ይዘገያል፤ እኔ ስጫን እሱ ገና ነው፤ ከዚያ ይመጣል።
የክህሎት ክፍተት፦ አንገቴ አካባቢ።

ልጆቹ «ማዘር፣ የተሸነፈ ይነሣል» አሉኝ። ተነሣሁ። ወረፋ ይዤ ተመልሼ መጣሁ። ተነሣሁ። አንዱ ለጓደኛው ማዘር የማንን ደም ልትመልስ ነው ሲል ሰማሁት። ዞር አልኩና የተራ ቁጥር 11 አልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ከአምልኮ በኋላ አንድ የቸርች ሽማግሌ አስቆሙኝ። እኅት አስካለ ሰይፍ መምዘዝ ጀመረች የሚባል ወሬ ደርሷቸዋል። አልካድኩም። የመንፈስ ሰይፍ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ አሉ። አይ፣ ከውጭ የገባ ነው አልኩ። ይጸልዩልኛል። ስለ ታኅሣሥ 5 ነግሬያቸው፣ እንግዲያው ስለ ግራ እጅሽም እጸልያለሁ ብለው ሄዱ። ግራ ብቻ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት ይታያቸዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ሁለት ታላላቅ ክንውኖች!!

አንድ። ሕይወት የምትባለው ኮምፒዩተር ክፍል ያለችው ልጅ የሞተ ኪቦርድ ሰጠችኝ። ሽቦው የተበጠሰ። የፊደላቱን አቀማመጥ በወረቀት ጽፋ ለጥፋበታለች። ቤት ወስደው ይለማመዱ አለች። ማንም ሳይጠይቃት። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ መብራት ቢኖርም አይሠራም። በአዲሱ መዋቅር እንዲህ ያለ የተረጋጋ መሣሪያ አላየሁም።

ሁለት። ኪቦርዱ ላይ ስለማመድ ዓይኔ የት እንዳለ አስተዋልኩ። ረቂቁ ላይ። ታይፒስት እጇን አታይም፣ የራሷንም ወረቀት አታይም፤ ኦሪጂናሉን ነው የምታየው። ታዲያ ጌሙ ላይ ሳምንት ሙሉ የማየው ማንን ነው? የራሴን ሰውዬ! አሳዝኖኝ፣ እንዳይቆረጥብኝ።

11 ሰዓት ላይ ሮጥኩ። የራሴን ሰውዬ ተውኩት። ገምጋሚውን ብቻ አየሁ። ትከሻው! የሂ.ባ. ረጅም ነገር ሊያጽፉኝ ሲሉ ቀኝ ትከሻቸው ይነሣል፣ አየር ይስባሉ፣ ከዚያ «በመሆኑም» ይላሉ። ሁሌ የሚጀምሩት በ«በመሆኑም» ነው። ከምን በመሆኑ እንደሆነ ተጠይቀው አያውቁም። ትከሻቸው ሲነሣ እኔ «በመ» ላይ ነኝ። ገምጋሚውም እንደዚያው ነው፤ የሚቆርጠው በሰይፍ ሳይሆን መጀመሪያ በትከሻ ነው። እሱ ያጽፈኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ብልጭ። የመጀመሪያዬ። ጮኽኩ መሰለኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ መቀሳቸውን ይዘው መጡ፤ ሌባ የገባ መስሏቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። አራት! ቤቱ ሞላ። ልጆቹ ኳሳቸውን አቁመው ከኋላዬ ቆሙ። ገምጋሚው ወደ ኋላ ተራመደ። ሰይፉን ወደ ሰማይ አነሣ። ደወሉን አናወጠ። ቅልጭጭ አለ።

ሞትኩ። እንዴት እንደሆነ አላየሁም። የጋሽ ወልዴ ሻይም ፈሰሰ። እንዴት እንደሆነ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19። ማታ

ዛሬ ስድስት ጊዜ ደወሉ ድረስ ሄድኩ። ስድስት ጊዜ ሞትኩ። በስድስተኛው ጋሽ ወልዴ ብርጭቋቸውን በሁለት እጅ ደብቀው፣ «አስካሉ፣ ደወሉ በጮኸ ቁጥር በግራ እጅሽ ማንን ነው የምትገፊው?» አሉኝ።

ማንንም አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ቆሞ አስመሰለኝ። ግራ እጁ ጆይስቲኩን ለቀቀ፣ ተነሣ፣ አየሩን ወደ ቀኝ ጠረገ።

አወቅሁት። የታይፕራይተሬ ማንሻ ነው። መስመር ሊያልቅ ሲል ደወሏ ቅልጭ ትላለች፤ ግራ እጄ ተነሥቶ ማንሻውን ገፍቶ ወደ አዲስ መስመር ይመልሳታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ገምጋሚው ሰይፉን ሲያነሣ እኔ አዲስ መስመር ልጀምር ነው የምሄደው!

እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ወልዴ አይዞሽ አሉ፤ የእሳቸውም እግር ቸርች ውስጥ ከበሮ በተመታ ቁጥር ፔዳል ይረግጣል፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ተረከዝ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ማምሻውን ግን ሳቁ ለቀቀኝ። የሂ.ባ. ልክ ቢሆኑስ? ጣት ብቻ አይደለም። ክንዴም፣ ትከሻዬም ተይቦ አልቋል። ባዶ ቦታ የለውም። ቅጹን አወጣሁ። እስክሪብቶም አወጣሁ። ስሜን እስከ «አስ» ጻፍኩ። ሕይወት የሰጠችኝ ኪቦርድ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አቆምኩ። «አስ» ፊርማ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 23

የሙከራ ሪፖርት፦ ግራ እጅን ስለ ማሰር።

ጋሽ ወልዴ የሱሪ ጠርዝ የሚሰፉበትን ጥብጣብ ሰጡኝ። ግራ እጄን ከጆይስቲኩ ጋር ጠፍረን አሰርነው። አራት ብልጭታ። ደወል። እጄ ተነሣ። ጆይስቲኩም ተነሣ። የጆይስቲኩ ሽቦ ፕሌስቴሽኑን ጎተተው፤ ፕሌስቴሽኑ ጠረጴዛውን ለቆ ጭኔ ላይ አረፈ። ማቴ. የጮኸው ጩኸት ተበላ ከተማ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ማሽኑ አልሞተም። እኔ በሁለቱም በኩል ሞቻለሁ። ለሁለት ቀን ታግጃለሁ።

ማጠቃለያ፦ እጅ በገመድ አይመከርም።

ሰኞ፣ ኅዳር 28። ቢሮ

አገኘሁት አገኘሁት አገኘሁት።

ዛሬ የሂ.ባ. አንዲት አጭር ደብዳቤ እንድተይብ ሰጡኝ፤ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ይዞት። የታይፕራይተሬን ልብስ ገፈፍኩላት። ስንተያይ ጥቂት ቆየን። መተየብ ጀመርኩ። ደወሏ ጮኸ። እጄን አየሁት። አልተነሣም!! ቃሉን ጨርሶ ነው የተነሣው።

ክቡር ማስታወሻ፣ አንተ ታይፒስት ስላልሆንክ ልንገርህ። ደወሉ «አለቀ» ማለት አይደለም። «ሰባት ፊደል ያህል ቀርቶሻል፣ የጀመርሽውን ቃል ጨርሺ» ማለት ነው። በደወሉ የሚደነግጥ ጀማሪ ነው። እኔ ጌሙ ላይ የምጨርሰው ቃል የለኝም። ቃል ስለሌለኝ እጄ ቀጥታ ወደ ማንሻው ይሮጣል። ልጆቹም እንደዚያው፤ ደወሉ እንደጮኸ ይዘላሉ፤ ገምጋሚው ይጠብቃቸውና በአየር ላይ ይቆርጣቸዋል።

ስለዚህ ለእጄ ቃል መስጠት ነው። ሰባት ፊደል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ከ፣ ሠ፣ ላ፣ ም፣ ታ፣ ጋ፣ ር።

ቆጥረው። ሰባት ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1

አራት ብልጭታ። ደወል። በልቤ ከ፣ ሠ፣ ላ፣ ም... እጄ አለ! እጄ ቦታው ላይ አለ! ታ፣ ጋ፣ ር። ክብ ተጫንኩ። ሰይፉ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ መሬት ላይ ተሰካ። ሽማግሌው ባዶ እጁን ቀረ። አውራ ጣቴን ወደ ሦስት ማዕዘኑ ሳሻግር መብራት ጠፋ።

ሶዶ በሙሉ። ከከተማችን መርካቶ እስከ ዳሞታ ተራራ ሥር። ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንዱ ልጅ ማዘር በሕይወት አለሽ? አለኝ።

ቤት ገብቼ በሻማ ኪቦርዴን መታሁት። ሲነጋ ተነሥቼ ደገምኩት። በቀስታ። ለአንድ ቅጂ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3። ከቀኑ 9፡20

ጣልኩት።

ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ወደ በዴሳ ከተማ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሾፌር እንኳ ረዳቱን ትቶ ገብቶ ነበር። ትከሻ፣ ብልጭ። ትከሻ፣ ብልጭ። ሦስተኛው ላይ ሊያታልለኝ ዘገየ፤ እኔም ዘገየሁ፤ ብልጭ። አራት። ወደ ኋላ ተራመደ። ደወሉ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ከልማድ ብርጭቋቸውን ደበቁ።

ድምፄን አውጥቼ ነበር ይላሉ። «ከሠላምታ ጋር» ስል ሁሉም ሰማ ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ር ላይ መዝለሌን፣ ሰይፉ መሬት ላይ መሰካቱንና አውራ ጣቴ ሦስት ማዕዘኑን ቀስ ብላ መንካቷን ነው። ለአንድ ቅጂ ብቻ።

ሽማግሌው ተንበረከከ። ደወሉን ፈትቶ መሬት ላይ አኖረና አንገቱን ደፋልኝ። ከዚያ በማናውቀው ፊደል ረጅም ጽሑፍ መጣ። ምን እንደሚል እንጃ። «ይታጠፋል» ይል ይሆናል።

ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ደንበኛ ፊት አማርኛ ብቻ የሚናገረው ማቴዎስ «ታ ሚቼ! ታ ሚቼ!» እያለ አቀፈኝ፤ እኅቴ እኅቴ ማለቱ ነው። ልጆቹ ወንበሬን ከነእኔ አነሡት። ያ ያስመሰለኝ ልጅ እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ አለ። የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ያስተምራል አልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ደብዳቤ አጨራረስ አስተማርኩ። የሶዶ ወጣት ዛሬ «ከሠላምታ ጋር» እያለ አንገት ይቆርጣል። ይህ የእኔ አስተዋጽኦ ነው። ይመዝገብ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

ከአምልኮ በኋላ የጽ/ቤቱን ዘበኛ ለምኜ ቢሮ ገባሁ። የታይፕራይተሬን ልብስ ገፈፍኩ። አምስት ካርቦን አጎረስኳት። የሚከተለውን ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ ወደ ቤሌ አለመሄዴን ስለ ማሳወቅ። ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው ከአርባ ያለፈ ጣት አዲስ ነገር አይለምድም መባሉ በተግባር ሲጣራ ትክክል ሆኖ ስላልተገኘ፣ ቅጹን ከነ‹አስ› ሳልፈርም የመለስኩ መሆኔንና ነገ ለፈተና የምቀርብ መሆኔን እገልጻለሁ።»

ደወሏ ሲጮህ ቸኩዬ አልተነሣሁም። ሰባቱን ፊደል ጨረስኩ። ማንሻውን ገፋሁ። ቀስ ብዬ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚበቃ አድርጌ።

አምስተኛው ቅጂ ይነበባል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። ጠዋት 3፡05። ፈተና ክፍል

ክቡር ማስታወሻ፣ ይህን የምጽፍልህ በኮምፒዩተሩ ነው። ለማሟሟቂያ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶናል። ሕይወት አትማ ትሰጠኛለች፣ እለጥፍብሃለሁ።

ዘጠኝ ተፈታኞች ነን። ከእኔ የሚቀጥለው ትልቅ ሰው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ላብ በላብ። አይዞህ አልኩት፣ ትከሻቸውን እይ። አልገባውም። ይገባዋል።

ይህ ማሽን ደወል የለውም። መስመሩ ሲሞላ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይወርዳል። ግራ እጄ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ተነሣና አየር ላይ ቆመ። መልሼ አስቀመጥኩት። ተቀመጠ። ለመደ።

የሂ.ባ. ገቡ። የሚያጽፉን ራሳቸው ናቸው። ደብዳቤዬን በእጃቸው ይዘዋል፤ የመጀመሪያውን ቅጂ። አዩኝ። አየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አንገቴን ትንሽ ደፋሁ፤ ሰላምታ ነው። እሳቸውም ደፉ። ደብዳቤዬን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ የፈተናውን ወረቀት ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።



ቀኝ ትከሻቸው ተነሣ።

በመሆኑም